ባይሠለጥኑስ ኖሮ?

(ወሰን፣ የካ ክፍለ ከተማ። በጡረታ ላይ ያሉ የሥነ ልቦና መምህር ቤት። ለሁለተኛ ዲግሪ የምትማር የሰፈር ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ፕሮፖዛል ቀድማ ልካላቸው አስተያየታቸውን ልትሰማ መጥታለች።)

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ፕሮፖዛሉን አዩልኝ?

መምህሩ፦ አይቼዋለሁ፤ ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ ያጣል፣ ያነበበው ይጠፋበታል። አተነፋፈሱን ማረጋጋት፣ የጥናት ጊዜውን መደልደል፣ ክፉ ክፉውን ማሰብ መግታት ለስድስት ሳምንት ቢማር ጭንቀቱ ይቀንሳል ወይ፣ ውጤቱስ ከፍ ይላል ወይ ነው የምትይው። ለዚህ ሰፈር ወላጅ ሁሉ የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ያሳሰበኝ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው።

ተማሪዋ፦ ዘዴው?

መምህሩ፦ ዘዴው። እስቲ ወረቀቱን ተዪውና በቃልሽ ንገሪኝ።

ተማሪዋ፦ እዚሁ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ፈቅዶልኛል። ተማሪዎቹን የፈተና ጭንቀት መጠይቅ አስሞላና በጣም የተጨነቁትን ሠላሳዎቹን እመርጣለሁ። ስድስት ሳምንት አሠለጥናቸዋለሁ። ከዚያ ያንኑ መጠይቅ እንደገና ይሞላሉ፤ የፊቱንና የኋላውን በኤስፒኤስኤስ የስሌት ሶፍትዌር አስተያያለሁ።

መምህሩ፦ ጭንቀታቸው ቀንሶ ብታገኚው?

ተማሪዋ፦ ሥልጠናው ሠርቷል እላለሁ።

መምህሩ፦ ባይሠለጥኑስ ኖሮ?

ተማሪዋ፦ ባይሠለጥኑማ እንደተጨነቁ ይቀሩ ነበር።

መምህሩ፦ ይህን በምን አወቅሽ? እነዚያው ልጆች በእነዚያው ስድስት ሳምንታት ምንም ሳይደረግላቸው ቢቆዩ የት ይደርሱ እንደነበር የሚነግርሽ ነገር በፕሮፖዛሉ ውስጥ የለም። ሙከራዊ ጥናት የሚባለው ሥርዓት በሙሉ የተሠራው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው። አንድን ልጅ በአንድ ጊዜ አሠልጥኖም ሳያሠለጥኑም ማየት አይቻልም። ስለዚህ ያልሠለጠነውን እሱን ሆኖ የሚቆምልሽ ሌላ ሰው ያስፈልግሻል። ያ ሰው ትክክለኛው ካልሆነ ከዚያ በኋላ የምትሠሪው ስሌት ሁሉ፣ ኤስፒኤስኤስ ምንም ቢያወጣ፣ አያድንሽም።

ተማሪዋ፦ ግን ጋሼ፣ ፈተና እየቀረበ ሲሄድ ጭንቀት ይጨምራል እንጂ በራሱ አይቀንስም። ቀንሶ ከተገኘማ ምክንያቱ ሥልጠናው ነው።

መምህሩ፦ በጣም የተጨነቁትን መርጠሽ ባትነሺ ኖሮ እሺ እልሽ ነበር። መጠይቁ የሚለካው የልጁን ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የዚያን ቀን ውሎውንም ነው። አንዱ ያን ቀን ከእናቱ ጋር ተጣልቶ መጥቷል። አንዷን ሌሊቱን ሙሉ ጥርሷን ሲያማት አድሯል። ከሁለት መቶ ልጆች ከፍተኛ ነጥብ ያመጡትን ሠላሳ ስትለቅሚ ሁልጊዜ የሚጨነቁትንም፣ ያን ቀን የከፋባቸውንም አብረሽ ታነሻለሽ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የጥርሱ ሕመም አልፏል፤ የቡድኑ አማካይ ማንም ሳይነካው ይወርዳል። ዳንኤል ካህነማን ስለ እስራኤል የበረራ አሠልጣኞች የጻፈው ይኸው ነው። አሠልጣኞቹ «ጥሩ የበረረውን ሳመሰግነው በሚቀጥለው ይበላሻል፣ የተበላሸበትን ስቆጣው ይሻሻላል» ብለው ስለ ቁጣ ጥቅም ያስተምሩ ነበር። ነገሩ ግን ከቁጣም ከምስጋናም አልነበረም። እጅግ ጥሩና እጅግ መጥፎ ቀን ያለፈበት ሰው በማግስቱ ወደ ተለመደው ማንነቱ ይመለሳል።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ የተጨነቁትን ብቻ መምረጡን ልተው። ሁሉንም ላሠልጥን፤ ውጤታቸውን ካለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ውጤት ጋር ላነጻጽር።

መምህሩ፦ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን አስቢ። ያን ጊዜ ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። አንድ ቅን ሰው በ2014 ያንቺን ሥልጠና ሰጥቶ ውጤቱን ከቀደመው ዓመት ጋር አስተያይቶ ቢሆን «ሥልጠናዬ ልጆቹን አጠፋቸው» ይል ነበር። በ2016 የሰጠው ደግሞ «በእኔ ሥልጠና ተሻሻሉ» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ፈተናው አሰጣጥና ስለ ዘመኑ እንጂ ስለ ሥልጠናው አይሆንም። ዓመትን ከዓመት ስታነጻጽሪ በመሃል አገር ውስጥ የሆነው ሁሉ አብሮ ይገባብሻል።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው በዚሁ ዓመት ሌላ ትምህርት ቤት ልያዝ። የወሰኑ ይሠልጥን፤ ኮተቤ አካባቢ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ማነጻጸሪያ ይሁን።

መምህሩ፦ ይሄኛው ይሻላል፤ ግን አይበቃም። የወሰኑ ርዕሰ መምህር ለምን ፈቀደልሽ?

ተማሪዋ፦ ለተማሪዎቹ የሚያስብ ሰው ነው። ሥልጠና ሲባል እምቢ አይልም።

መምህሩ፦ በይ እንግዲህ። ለተማሪ የሚያስብ ርዕሰ መምህር ያለበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱም ማታ ክፍት ነው፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱም አይቋረጥም። ከኮተቤው በልጦ ብታገኚው ከሥልጠናው ይሁን ከርዕሰ መምህሩ መለየት አትችይም። ማለዳ ወደ እንጦጦ ብትወጪ የሚሮጡ ታያለሽ። ልባቸውና ሳንባቸው ቢለካ ከእኛ ከታች ካለነው ይበልጣል። ታዲያ እንጦጦ ነው ያጠነከራቸው ወይስ ድሮም የጠነከሩት ናቸው እንጦጦን የሚወጡት? ራሱ የመረጠን ሰው ካልመረጠው ጋር እስካነጻጸርሽ ድረስ ይህ ጥያቄ አይለቅሽም። ደግሞም ልጆቹ ስንትም ይሁኑ፣ ያነጻጸርሽው ሁለት ትምህርት ቤት ነው፤ አንድ ለአንድ።

ተማሪዋ፦ ቤተሰብን፣ የቀድሞ ውጤትን፣ ፆታን በስሌት አስተካክላለሁ። ለዚያ የሚሆን ዘዴ ተምረናል።

መምህሩ፦ የለካሽውን ታስተካክያለሽ። ያልለካሽውንስ? የአባት ጠባይ፣ የልጁ እልህ፣ ማታ መብራት መኖር አለመኖሩ። ለዚህ ከዕጣ የተሻለ ነገር እስካሁን አልተገኘም። ከአንድ ዝርዝር ውስጥ ማን ሠልጣኝ፣ ማን ማነጻጸሪያ እንደሚሆን ዕጣ ሲወስን ዕጣው የምናውቀውንም የማናውቀውንም ነገር በሁለቱም ወገን ያካፍለዋል። እልኸኛው ልጅ እዚህም እዚያም ይወድቃል። ልጆቹ በቂ ከሆኑ ሁለቱ ቡድኖች ሲነሱ በአማካይ አንድ ዓይነት ናቸው። በኋላ የሚታየው ልዩነት ከሥልጠናው ወይም ከዕጣው አጋጣሚ እንጂ ከሌላ ሊመጣ አይችልም። የአጋጣሚውን መጠን ደግሞ ማስላት ይቻላል።

ተማሪዋ፦ ዕጣማ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ የማይጠብቅ ቤተሰብ የለም።

መምህሩ፦ በእሱ የተሠራ ጥናት አለ። ሳይመን ፍራንክሊን የሚባል ተመራማሪ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ተመዝጋቢዎች አነጻጽሯል። መንግሥት ዕጣውን ያወጣው ለጥናት አይደለም፤ ግን ዕጣ ስለሆነ ሁለቱ ወገኖች ሲጀመር እኩል ናቸው። ቤት የደረሰው ሰው ከመሃል ከተማ ርቆ፣ እንደ የካ አባዶ ያለ ቦታ ሲገባ ሥራውን ያጣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ሲታይ ግን በሥራውም በገቢውም ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። ዕጣው ባይኖር ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ምክንያቱም በራሱ ገንዘብ ዳር ወጥቶ ቤት የሚሠራና መሃል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ከመነሻውም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልቃወም። ቤት የሌለውን ሰው ዕጣ ሲከለክለው ቤቱ ስላልበቃ ነው። እኔ ግን ይጠቅማል ብዬ የማምንበትን ሥልጠና ለግማሹ ልጅ ሆነ ብዬ ልከለክል ነው። የጎረቤቴን ልጅ አይኑን እያየሁ «አንተ ማነጻጸሪያ ነህ» ልበለው?

መምህሩ፦ ይህ ጥያቄ የማያስጨንቀው ተመራማሪ ሰው ላይ ሙከራ ባያደርግ ይሻላል። ሶዶ ወረዳ የተሠራውን ልንገርሽ። ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ፣ ቤተሰብንና ማኅበረሰቡን እያሳተፉ መርዳት ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ 166 ሕሙማን በጥናቱ ገቡ፤ ዕጣው የወጣው በ48 ንዑስ ቀበሌዎች ነበር። ማነጻጸሪያ የሆኑት ግን ያለ ሕክምና አልተተዉም። ሁሉም በጤና ጣቢያ ሕክምና ያገኛሉ፤ በዕጣ የተለየው በዚያ ላይ የሚጨመረው የቤት ለቤት ድጋፍ ብቻ ነው። ከዓመት በኋላ ድጋፉ የተጨመረላቸው ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን በመምራት የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። የሚታወቅ እርዳታ አይነፈግም። ዕጣ የሚጣለው መጥቀሙ ገና ባልታወቀው ላይ ነው። ያንቺ ሥልጠና ይጠቅማል ብለሽ ታምኛለሽ እንጂ አታውቂም። ብታውቂማ ጥናቱ ለምን አስፈለገ?

ተማሪዋ፦ ቢያንስ ማነጻጸሪያዎቹ ጥናቱ ሲያልቅ ሥልጠናውን ማግኘት አለባቸው። ግን ይሄ በ12ኛ ክፍል አይሆንም፤ ፈተናው አልፏል። ከፈተና በኋላ የፈተና ጭንቀት ሥልጠና ምን ያደርግላቸዋል?

መምህሩ፦ ታዲያ?

ተማሪዋ፦ 11ኛ ክፍል ላድርገው። የመጀመሪያው ቡድን 11ኛ ክፍል ላይ ይሠልጥን፤ በትምህርት ቤቱ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና እለካቸዋለሁ። ሌሎቹ 12ኛ ሲገቡ፣ ከብሔራዊ ፈተናው በፊት ያገኙታል። ማንም አይቀርበትም።

መምህሩ፦ ይህ ካሰብኩት ሁሉ ይበልጣል። ጻፊው።

ተማሪዋ፦ ዕጣ ሳያስፈልግ እያንዳንዱን ልጅ ከራሱ ጋር ማነጻጸርስ? ሳይሠለጥን አንድ ፈተና፣ ሠልጥኖ ሌላ ፈተና።

መምህሩ፦ አንዳንድ ጥናት ላይ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ቡናውን አፍልተሽዋል አይደል? የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና የትኛው ይጥማል ብለሽ ለእኔ ብታቀርቢ ሁለቱንም የምቀምሰው አንድ ሰው ነኝና የሰው ልዩነት አያስቸግርሽም። ግን ሁልጊዜ የሐረሩን በአቦል፣ የይርጋጨፌውን በቶና ብታቀርቢ አቦል በመሆኑ ወፍሮ የጣመኝን ለሐረር ትሰጪዋለሽ። ስለዚህ ለግማሹ እንግዳ የሐረሩ ይቅደም፣ ለግማሹ የይርጋጨፌው፤ ማን በየትኛው እንደሚጀምር ደግሞ ያው ዕጣ ይወስናል። በሁለቱ መካከል አፍ የሚታጠብበት ውኃ ይኑር። ሥልጠና ላይ የሚያስቸግረው ይህ ውኃ ነው። አንድ ጊዜ ጭንቀቱን መግታት የተማረን ልጅ እንዳልተማረ አድርጎ የሚመልሰው ነገር የለም። የእይታ፣ የማስታወስ፣ የፍጥነት ሙከራ ሲሆን ያንን መንገድ ያዢ። ለትምህርት አይሆንም።

ተማሪዋ፦ ግን ጋሼ፣ ማነጻጸሪያ ሳይኖረው ዓለምን ያስገረመ ነገር እዚሁ አገራችን ተሠርቷል። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ የሰጧቸው።

መምህሩ፦ አስታውሳለሁ። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 የተናገረው ነው። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተዘጋባቸውን የታብሌቱን ካሜራ ከፈቱ አለ። ነገሩን ለሁለት ክፈይው። «ይህን የመሰለ ዕቃ አይቶ የማያውቅ ልጅ ብቻውን ሊከፍተው ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ ማነጻጸሪያ አያስፈልግም፤ ታብሌቱ ባይሰጠው ኖሮ ታብሌት ሊከፍት አይችልምና። «ታብሌቱ ምን ያህል ማንበብ አስተማረው? ለዚያው ገንዘብ አንድ አስተማሪ ከምንቀጥርስ ይሻላል?» ለሚለው ግን ያ ታሪክ አንዲት መልስ የለውም። የትምህርት ሚኒስቴርን የሚጠቅመው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሰው የተገረመው በመጀመሪያው ሆኖ መልስ ያገኘ የመሰለው ለሁለተኛው ነበር።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ከአገራችን በደንብ ተሠራ የሚሉት የትኛውን ነው?

መምህሩ፦ የዶባውን። ምዕራብ ሐረርጌ፣ ዶባ ወረዳ። ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና የእኛው አለማየሁ ስዩም ታፈሰ ናቸው የሠሩት። የጠየቁት ሥነ ልቦናዊ ጥያቄ ነው፦ የደሃ ገበሬ ተስፋና ምኞት ከፍ ቢል ሥራው ይለወጣል ወይ? ለዚህ አራት አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አዘጋጁ። በፊልሞቹ ላይ የሚናገሩት ኑሯቸው ከተመልካቹ ጋር የሚመሳሰል፣ ከመንግሥትም ከእርዳታ ድርጅትም ሳይጠብቁ ራሳቸውን ያሻሻሉ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ያህል በኦሮምኛ ሕይወቱን ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ2010 በ64 መንደሮች አሳዩት። እዚህ ላይ አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትከፋፍያቸዋለሽ?

ተማሪዋ፦ በየመንደሩ በዕጣ ግማሹ ቤተሰብ ፊልሙን ያያል፣ ግማሹ አያይም።

መምህሩ፦ ፊልሙን ያዩት ቢለወጡ ምን ትያለሽ?

ተማሪዋ፦ በፊልሙ ምክንያት… አይ፣ ቆይ። ከቤት ወጥተው ከሰው ጋር ተቀምጠው መዋላቸውም አለ። ከከተማ የመጣ እንግዳ ጠርቷቸዋል፤ ፕሮጀክተርና ጄኔሬተር አይተዋል። «ለዚህ ከተመረጥን አንድ ነገር ሊመጣልን ነው» ብለውም ይሆናል። የሰዎቹ ታሪክ ሳይሆን ይሄ ሁሉ ሊያነቃቃቸው ይችላል።

መምህሩ፦ እነሱም ያንን አሰቡ። ስለዚህ በየመንደሩ ሦስት ቡድን አደረጉ። አንደኛው ዘጋቢ ፊልሞቹን አየ። ሁለተኛው በዚያው ዓይነት ዝግጅት ተጠርቶ ተራ መዝናኛ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አየ። ሦስተኛው ምንም አላየም፤ እንደ ሌሎቹ መጠይቁን ብቻ መለሰ። የሁለተኛው ቡድን ሥራ ምን እንደሆነ ታዪያለሽ? ጥሪው፣ ስብሰባው፣ እንግዳው፣ ስክሪኑ ሁሉ ለእሱም ደርሷል፤ የቀረበት የእነዚያ ሰዎች ታሪክ ብቻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መጠራት በራሱ ምን እንዳደረገ ያሳያል። ከስድስት ወር በኋላ ሲለካ ምኞታቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ዘጋቢ ፊልሞቹን ያዩት ናቸው። መዝናኛ ያዩትና ምንም ያላዩት ከነበሩበት አልተነቃነቁም። በዚያ ላይ የተጠየቁት ስለ ስሜታቸው ብቻ አልነበረም። ቁጠባቸው፣ ብድር መጠቀማቸው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባታቸው፣ ለትምህርት ያወጡት ገንዘብ ሁሉ ታየ፤ በእነዚህም ለውጥ ተገኘ። ሰው እንግዳን ደስ ለማሰኘት «ተስፋዬ ጨምሯል» ሊል ይችላል፤ ለእንግዳ ብሎ ግን ልጁን ትምህርት ቤት አያስገባም።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ለእኔም ሁለተኛ ቡድን ያስፈልገኛል። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አሠልጣኝ፣ ስድስት ሳምንት ሌላ ነገር የሚማር። ለምሳሌ ስለ ትምህርት መስክ አመራረጥ። ጊዜና ትኩረት አገኙ፤ ጭንቀት መግታት ግን አልተማሩም።

መምህሩ፦ ልክ ነው። መጠይቁን የሚያስሞላውና ወረቀት የሚያርመው ሰው ደግሞ ማን የትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ። አንቺ ራስሽ ብታስሞይው ፊትሽ ይናገራል።

ተማሪዋ፦ የቀረ ችግር አለ። የሠለጠነችዋና ያልሠለጠነችዋ አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡ የተማረችውን ታስተምራታለች። ማነጻጸሪያዬ ሥልጠናውን በጓደኛ በኩል ያገኛል።

መምህሩ፦ ያገኛል፤ ልዩነቱም አንሶ ይታያል። አንዱ መፍትሔ ዕጣውን በግለሰብ ሳይሆን በጋራ ማውጣት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ያጠኑት ግሩም አበበና ባልደረቦቹ ያደረጉት ይህን ነው። ከመሃል ከተማ በራቁ ሰፈሮች የሚኖሩ ወጣቶች ሥራ የሚያጡት የትራንስፖርት ገንዘብ ስለሌላቸው ነው ወይስ ችሎታቸውን ለቀጣሪ ማሳየት ስለማይችሉ? ለአንዱ ቡድን መሃል ከተማ እየመጣ የሚወስደው የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው የማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና አገኘ፤ ተፈትኖም ችሎታውን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ዕጣው የወጣው በሰፈር ነው፤ የአንድ ሰፈር ልጆች ይነጋገራሉና። በወራት ውስጥ ሲታይ ሁለቱም በቋሚ ሥራ ረገድ ጠቅመው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቷል፤ ሥልጠናውን ያገኙት ግን ገቢያቸው በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የታተመው። መለኪያው ቀን መቼ እንደሚሆንም የንድፉ አካል ነው። ቶሎ ዘግተውት ቢሆን ሁለቱን እኩል ብለው ነበር።

ተማሪዋ፦ እኔ በሴክሽን ዕጣ ላውጣ?

መምህሩ፦ ስንት ሴክሽን አለ?

ተማሪዋ፦ ስድስት።

መምህሩ፦ ለሦስት ቡድን ስድስት ሴክሽን ማለት ለየቡድኑ ሁለት ነው። አንድ ጎበዝ የክፍል ኃላፊ ያለበት ሴክሽን ውጤትሽን ሁሉ ያዛባዋል። ባንቺ አቅም በግለሰብ ማውጣቱ ይሻላል፤ ልጆቹ ይነጋገሩ እንደሆነ መጨረሻ ላይ ጠይቂና በግልጽ ጻፊ። ሠላሳ ልጅ ግን አይበቃሽም። ሥልጠናው መካከለኛ የሚባል ለውጥ፣ ማለትም የነጥቡን ግማሽ መደበኛ ልይይት የሚያህል ቢያመጣ እንኳ፣ ያንን በ80 በመቶ ዕድል ለማየት በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ለውጡ ትንሽ ከሆነ ወደ 400 ይጠጋል። በሠላሳ ልጅ ሠርተሽ «ለውጥ አልተገኘም» ብትዪ ለውጥ የለም ማለት ይሁን የሚታይበት ዓይን ጠፍቶ ይሁን ማንም አያውቅም።

ተማሪዋ፦ አጋጣሚውን ማስላት ይቻላል ያሉትስ? ፒ-ቫሉ የሚባለውን በቀመር እሠራዋለሁ እንጂ ከልቤ ገብቶኝ አያውቅም።

መምህሩ፦ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ያለ ነው። አንዲት ሴት ሻይዋ ውስጥ ወተቱ ቀድሞ ይሁን ሻዩ ቀድሞ ቀምሼ አውቃለሁ አለች። ስምንት ስኒ ቀረበላት፤ አራቱ በአንዱ፣ አራቱ በሌላው መንገድ የተቀዱ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉን ዕጣ ወሰነው። ከስምንት ስኒ አራቱን መምረጫ መንገድ 70 ነው። ምንም ሳታውቅ በግምት ሁሉንም ልክ የማግኘት ዕድሏ ከ70 አንድ ነው። ሁሉንም ካገኘች «በግምት ነው» ማለት ይከብዳል። ፒ-ቫሉ ይኸው ነው፤ ሥልጠናው ምንም ባያደርግ ኖሮ ዕጣ ብቻውን ይህን የሚያህል ልዩነት ስንት ጊዜ ያመጣ ነበር? እና ዕጣ ካልተጣለ ይህ ስሌት መሠረቱን ያጣል። ስኒውን እሷ እያየች ቢቀዱት ከ70 አንድ የሚለው ቁጥር ምን ትርጉም አለው?

ተማሪዋ፦ በመጨረሻ ምንም ልዩነት ባላገኝስ? አማካሪዬ ውጤት የሌለው ጽሑፍ አይወዱም።

መምህሩ፦ በዓለም ሥነ ልቦና ላይ የደረሰው ትልቁ ጉዳት ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በታወቁ መጽሔቶች የወጡ 100 ጥናቶችን ደግመው ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው ውጤት አግኝተናል ያሉ ናቸው፤ ሲደገሙ ውጤቱ የተገኘው በ36 በመቶው ነው። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አልዋሹም። ባንቺው ጥናት ብንመስለው፣ ጭንቀት ላይ ሲያጡ የፈተና ውጤት ላይ ፈለጉ፣ የፈተና ውጤት ላይ ሲያጡ በሴቶቹ ብቻ ፈለጉ፣ እዚያም ሲያጡ በሒሳብ ብቻ። ሃያ ቦታ የፈለገ ሰው በአጋጣሚ አንድ ቦታ ያገኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ምን እንደምትለኪ፣ መቼ እንደምትለኪ፣ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ የትኛው ልዩነት ዋናው እንደሆነ ጽፈሽ፣ ቀኑን አስፍረሽ ለዲፓርትመንቱ አስገቢ። ከዚያ ለውጥ ብታጪም «ይህ ሥልጠና በዚህ መልኩ ለእነዚህ ልጆች አልጠቀመም» የሚል የታመነ ዕውቀት አለሽ። እሱን ያነበበ ትምህርት ቤት ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ያውለዋል።

ተማሪዋ፦ እንግዲህ ሦስተኛው ምዕራፍ ከሥሩ ይለወጣል። 11ኛ ክፍል፣ ሦስት ቡድን፣ በየቡድኑ ቢያንስ 64፣ ዕጣ በስም ዝርዝር፣ የማያውቅ አራሚ፣ ለሌሎቹ በሚቀጥለው ዓመት ሥልጠና።

መምህሩ፦ ዕጣውን ደግሞ አንቺ አታውጪ፤ ርዕሰ መምህሩም አያውጣ። ወላጆችና ተማሪዎች ባሉበት፣ በግልጽ ይውጣ፤ ሌሎቹ ቡድኖች መቼ እንደሚሠለጥኑም ያን ዕለት ይነገራቸው። ለአማካሪሽም ከእኔ ይህን አድርሺልኝ፦ ተማሪ ፕሮፖዛል ይዞ ሲመጣ ከመጠይቁና ከስሌቱ በፊት «ከማን ጋር ታነጻጽራለህ? በምን ለየሃቸው?» ብለው ይጠይቁ። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ አማካሪዎች ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ቢያስቀድሙ ብዙ ልጅ ድካሙ ከንቱ አይሆንበትም።